ብርድ የመታው አንባቢ

ማሽን ብርድ አይመታውም። ይህን የምለው ብርድ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የተወለድኩት አንኮበር፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ታኅሣሥ ሲገባ ውርጩ ባልዲ ውኃ ላይ መስተዋት ሠርቶ የሚያድርበት አገር ሰው ነኝ። ብርድ ሰው ይመታል፣ በግ ይመታል፣ ባቄላ ይመታል። ማሽን የሚመታው ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ነገር ስም አለው፣ ስሙን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ የኔ እንጀራ ነው። ወለተሐና እባላለሁ፤ ጠባሴ በኩል ባለች አንዲት ትንሽ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሺያን ነኝ።

ያን ሰሞን ታዲያ በየደረስኩበት የምሰማው «ብርድ መታው» ነበር። በር ላይ ጥበቃው ይለኛል፣ ሻይ ቤት ይሉኛል፣ የሱፍ ማጠቢያው ክፍል ያሉት ሴቶች ገና ሳልገባ ይሉኛል። ቆሽቴ አረረ።

ተመታ የተባለው አንባቢው ነው። አንባቢው በደርግ ጊዜ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ ኮምፒውተር ነው፤ ቁመቱ የቁም ሳጥን ያህላል፣ ስክሪን የሚባል ነገር የለውም። የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው፣ የተበሳሳ ወረቀት ማንበብ። ወረቀቱ እንደ ጥብጣብ ረጅም ሆኖ በወርዱ ስምንት የቀዳዳ ቦታ አለው። ከላይ አምፖል ይበራል፣ ከታች ብርሃን የሚያዩ ስምንት ትንንሽ ዐይኖች ይጠብቃሉ። ቀዳዳ ካለ ብርሃኑ ያልፋል፣ ከሌለ አያልፍም። አንባቢው ያየውን ለሽመና ማሽኑ ይነግረዋል፤ ማሽኑም የቱ ጋ ቀይ ክር፣ የቱ ጋ ነጭ ክር እንደሚገባ ከሱ ሰምቶ ይሠራል። ሠራተኛው አንባቢ ብሎ የሰየመው የተጻፈለትን ሳይጨምር ሳይቀንስ ስለሚል ነው።

በሱ ንባብ የሚሠራው ብርድ ልብስ ጠርዙ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ቀይ መስመር አለው። ገዢው «የአንኮበር መንገድ» ይለዋል። ከጫጫ እስከ እነዋሪ ልጁን የሚድር ሰው እሱን ካላገኘ ሌላ አይወስድም። ስሙን እኛ አላወጣንለትም፤ ገበያ ወጥቶ ከገበያ ይዞት የመጣው ስም ነው።

ኅዳር አጋማሽ ካለፈ በኋላ መንገዱ መበላሸት ጀመረ። ጠዋት ማሽኑ ሲነሣ በቀዩ መሀል፣ ማንም ያላዘዘው ነጭ ክር ዘው ይላል። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ የቆርቆሮ ጣሪያውን ስታሞቀው ምንም እንዳልሆነ ይስተካከላል፤ ከሰዓት ሙሉውን እንደ ደህና ሰው ይሠራል። በማግስቱ ጠዋት ያው ነጭ ክር ይመለሳል።

ይሄ ለአቶ ፍሥሐ ሠርግና ምላሽ ነበር። አቶ ፍሥሐ ሥራ አስኪያጃችን ነው፤ በዕድሜ ታናሼ ነው፣ ክፉ ሰው አይባልም፣ ግን ያረጀ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። መስከረም ላይ እንደመጣ አንባቢውንና የሱን የሽመና ማሽን ለቆራሌ ሸጠን ጌጥ የሌለው ብርድ ልብስ ብቻ እንሥራ ብሎ ነበር። ሠራተኛው ሲያጉረመርም ጊዜ «እሺ፣ እስከሠራ ይቆይ፤ መበላሸት የጀመረ ዕለት ግን ይሄዳል» አለ። እነሆ መበላሸት ጀመረ።

ሰኞ ዕለት ሁላችንንም ሰበሰበን። «ለመሆኑ ይሄን ማሽን ምን ነካው? ብርድ መትቶት ይሆን እንዴ?» አለ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ማሽን ብርድ ሲመታው የማይስቅ የለም፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። ቀጥሎ ግን ሳቁን አቆመና፣ «ወይ ደግሞ የሰው እጅ አለበት። ሳይፈቀድለት ማሽን እየነካካ ያበላሸ ሰው ካለ አጣርቼ አሰናብተዋለሁ። ዕድሜ አይቼ፣ አገልግሎት ቆጥሬ አልምርም» አለ። ይሄን ሲል ማንም አልሳቀም።

እኔ ግን ደሜ የፈላው በፊተኛው ነው። ተነሣሁ።

«አቶ ፍሥሐ፣ ማሽን ብርድ አይመታውም» አልኩት። «የተበላሸበት ምክንያት ስም አለው። በስሙ ጠርቼ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጥልዎታለሁ።»

«መቼ?»

«ዓርብ።»

«ጥሩ። ዓርብ ከሰዓት የቦርድ አባላት ይመጣሉ፤ ያኔ ታሳዪናለሽ። ከሠራ ይቆያል፣ ካልሠራ ቅዳሜ መኪና ይመጣል።»

«ከሰዓት አይሆንም» አልኩ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ይምጡ።»

አጠገቤ የተቀመጠችው ማኅደረማርያም፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ፣ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «አብደሻል? ከሰዓት እኮ ይሠራል» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ለዚሁ ነው ጠዋት ያልኩት» አልኳት፣ እኔ በሹክሹክታ አይደለም። ከሰዓት አሠርቼ ባሳያቸው ተንኮል እንጂ ጥገና አይሆንም፤ በማግስቱ ጠዋት ነጩ ክር ሲመለስ አቶ ፍሥሐ ልክ ይሆናል። እሱ ልክ እንዲሆን ደግሞ አልፈለግሁም።

እንዲህ አፌን ሞልቼ ተናግሬ ወጣሁ። አንባቢው ከሄደ እኔም ቦታ የለኝም፤ ጌጥ የሌለው ብርድ ልብስ ቴክኒሺያን አያስፈልገውም። የኔስ ይሁን፣ ወጣ ብዬ ሌላ እፈልጋለሁ። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ግን የት ይሄዳሉ?

ጋሽ ገብረ ጻድቅ የአንባቢው ሠራተኛ ናቸው። ከጀርመኖቹ ጋር ሆነው ከሣጥኑ ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን የሚያጎርሱት፣ አምፖሉን የሚቀይሩት፣ በየቀኑ በሩን ከፍተው የሱፍ ብናኙን በብሩሽ የሚያራግፉለት እሳቸው ናቸው። ጡረታቸው ደርሷል። አባቴን ቄሱን ያውቁት ስለነበር ወለተሐና አይሉኝም፣ የቄሱ ልጅ ነው የሚሉኝ። በየወሩ ለሚካኤል ከአንኮበር ቁልቁል ወዳለች አንዲት ገዳም ይወርዳሉ።

«የቄሱ ልጅ፣ ይድናል?» አሉኝ ሰኞ ዕለት የአንባቢውን የኤሌክትሮኒክስ ካርዶች ስነቅል።

«ማሽን አይድንም ጋሽ ገብረ ጻድቅ፣ ይጠገናል።»

«ያው ነው» አሉ።

«ያው አይደለም» አልኳቸው። እኔና እሳቸው እንዲህ ነን።

አንባቢው ውስጥ ስምንት ካርዶች በመደዳ ተሰክተዋል፣ ለአንዱ ዐይን አንድ ካርድ። በየካርዱ ላይ ኮምፓራተር የሚባል ትንሽ ቺፕ አለ። ሥራው ሁለት ቮልቴጅ ማወዳደር ነው። በአንድ እግሩ ከዐይኑ የመጣው ይገባል፤ በሌላው እግሩ «ልክ» ብዬ የምጠራው፣ አስቀድሞ የተወሰነ ቮልቴጅ ይገባል። ከዐይኑ የመጣው ከልኩ ከበለጠ ቀዳዳ አለ ይላል፣ ካነሰ የለም ይላል። መሀል ሰፋሪ አይደለም፣ ይሆናል አይሆንም አይልም። ይሄን ጠባዩን እወድለታለሁ፤ ሰውም እንዲህ ቢሆን ስብሰባ ያጥር ነበር።

የሚሳሳተው አምስተኛው እንደሆነ ከነጩ ክር ቦታ ወዲያው አወቅሁ። ቀዳዳ በሌለበት ቀዳዳ አለ እያለ ነው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቺፑን ነው፤ መለዋወጫ ነበረኝ፣ ቀየርኩት። በማግስቱ ጠዋት ነጩ ክር እንደ ልማዱ መጣ። ዐይኑ ይሆናል ብዬ ወለወልኩት፤ መጣ። ከዚያ አምስተኛውን ካርድ ነቅዬ በስድስተኛው ቦታ ሰካሁት፣ ስድስተኛውን በአምስተኛው። ስሕተቱ ከካርዱ ጋር ተከትሎ ሄደ። ስለዚህ ዐይኑ ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ ያለው ካርዱ ላይ ነው። ከካርዱ ላይ ደግሞ ቺፑን አውጥቼ ደህናው ካርድ ላይ ብሰካው ደህናው ደህና እንደሆነ ቀረ። ቺፑም ነጻ ወጣ።

የቀረው ልኩ ነው። ሐሙስ በማለዳ የቴስተሬን ሁለት ሽቦ አስነክቼ ለካሁት። ሁለት ቮልት ተኩል መሆን ሲገባው አንድን ትንሽ አልፎ ቆሟል። ነገሩ ገባኝ። ወረቀት ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም፤ ቀዳዳ ባይኖረውም ትንሽ ብርሃን ያሳልፋል። ልኩ ሲወርድ ያች ትንሽ ብርሃን በቂ ትሆናለች፣ ኮምፓራተሩም የተነገረውን አክብሮ ቀዳዳ አለ ይላል። እሱ አልዋሸም። የዋሸው የተሰጠው ልክ ነው።

ልኩን የሚያወርደው ምንድን ነው ታዲያ? ልኩን የሚሠሩት ሁለት ሬዚስተሮች ናቸው፤ ለካኋቸው፣ ጤነኞች ናቸው። ቀትር ሲሆን ቮልቴጁ በራሱ ተመልሶ ሁለት ተኩል ላይ ቁጭ አለ። ዓርብ ነገ ነው። ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ በየመንገዱ የሚስቁብኝ ሰዎች ፊት ይታየኛል። ካርዱ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ «ምን ሆነህ ነው አንተ?» ብዬ ጮኽኩበት፤ ከልቤ ነው የጮኽኩት።

የቴስተሩ መርፌ ወረደ።

ቀና ስል ቀስ ብሎ ተመለሰ። እንደገና ጎንበስ ብዬ እፍ አልኩበት፣ ወረደ። ጎኑ ያለው ካርድ ላይ እፍ አልኩ፣ ንቅንቅ አላለም። ወደ አምስተኛው ተመልሼ እፍ ብል ወረደ። ሳቅሁ፤ ለብቻዬ ስለነበርኩ ማንም አልሰማኝም። ትንፋሼ ሙቅ ነው። ነገሩ ብርድ ቢሆን ኖሮ ትንፋሼ ባሻለው ነበር። ስለዚህ ብርድ አይደለም፣ እርጥበት ነው። ጠዋት ጠዋት ከማጠቢያው ክፍል የሚመጣው እንፋሎት ነው ይሄን ካርድ የሚያሳብደው፣ ሌሎቹን ሳይነካ። ካርዱ ላይ እርጥበት የሚጠጣ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ማጉያ መነጽሬን አመጣሁ። ከካርዱ የላይኛው ጠርዝ ጀምሮ በሁለቱ ሬዚስተሮች እግር መሀል ቁልቁል የሚወርድ ግራጫ መስመር አየሁ። የሱፍ ብናኝ አይደለም፣ ብናኝ ይነሣል እንጂ አይፈስም። ይሄ ፈስሶ የደረቀ ነው። በጣቴ ነካሁት፣ ዱቄት ነው። ጣቴን ምላሴ ላይ አደረግሁ፤ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ለማየት ብዬ ነበር፣ ግን ጭንቅላቴ ሳያውቀው አፌ አወቀው። ስታመም አባቴ ግንባሬን ቀብቶ ትንሽ አፌ ላይ የሚያደርግልኝ ነገር ነው። ከቤተ መቅደስ የሚመጣ የጽና አመድ፣ በጠበል የተለወሰ። እምነት።

ቀና ብዬ ከካርዶቹ በላይ ያለውን የብረት ዘንግ አየሁ። ልክ ከአምስተኛው በላይ፣ በአውራ ጣት የተሠራ ግራጫ መስቀል አለ።

አመድ ደረቅ ሲሆን ማንንም አይነካም። ሲረጥብ ግን ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ልኩም በዚያ በኩል እየፈሰሰ ያልቃል። ይሄ ነው ምክንያቱ፣ ስሙም ይሄ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ይሄን ያህል ዘመን ስኖር እንዲህ ጥርት ያለ መልስ አግኝቼ አላውቅም። ለትንሽ ጊዜ ደስ አለኝ። ከዚያ አቶ ፍሥሐ «የሰው እጅ» ያለው ትዝ አለኝ። ይህን በር የሚከፍት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጋሽ ገብረ ጻድቅ ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ዘግነው ሰጡኝ፣ ተቀበልኩ።

«ጋሽ ገብረ ጻድቅ፣ አንባቢውን ምን ቀብተውታል?»

አልካዱም፣ አልደነገጡምም። «እምነት ነዋ» አሉ። «ለቆራሌ ይሰጣል ያሉ ጊዜ ነገሩ አላስተኛ አለኝ። ለኅዳር ሚካኤል ወርጄ አመጣሁና ቀባሁት፣ እንዲጠብቀው ብዬ።»

«ከዚያ ነው የታመመው» አልኩ፤ ታመመ ማለቴን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው።

«አዎ፣ ታመመ። እኔም ጨመርኩለት።»

«ጨመሩለት?»

«ሲብስበት ጊዜ ምን ላድርግ ታዲያ? በጠበል ቀጠን አድርጌ ደገምኩለት።» ከዚያ ፊቴን አዩ። ቆሎው እጃቸው ላይ ቀረ። የሚያስቡትን ሁሉ ፊታቸው ላይ ሲያልፍ አየሁት፤ ቀኑን ቆጠሩ፣ መቀባቱንና መታመሙን አገናኙ። «እኔ ነኛ ያሳመምኩት» አሉ።

አንጀቴን በሉት። ልቆጣ ነበር የመጣሁት፣ የምቆጣውም ነገር ተዘጋጅቶ ነበር፤ ማሽን በብሩሽ ይጠረጋል እንጂ አይቀባም ልላቸው ነበር። አንዱንም አላልኩም። «እምነቱ ምንም አላጠፋም» አልኳቸው። «ግንባር ያልሆነ ቦታ ሄዶ ነው።»

ቆሎውን ኪሳቸው ከተው ተነሡ። «ሄጄ ለአቶ ፍሥሐ እናገራለሁ።»

«የትም አይሄዱም።»

«የቄሱ ልጅ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ?»

«ማን ይዋሹ አለዎት? ዝም ይበሉ ነው ያልኩት። ዝም ማለት ውሸት አይደለም።»

«ቢጠይቁኝስ?»

«እርስዎን አይጠይቁም። ምክንያቱን በስሙ ጠርቼ አመጣለሁ ብዬ የፎከርኩ እኔ ነኝ፣ የሚጠይቁት እኔን ነው። ማሽኑም የኔ ነው፣ መልሱም የኔ ነው።» ይሄን ስል ድምፄ ጠንከር ብሎ ነበር። ውስጤ ግን ስሙን ካልጠራሁ ምን ልል እንደምችል አላውቅም ነበር።

ካርዱን በጥጥና በአልኮል አጠብኩት፣ ከመስመሩ ምንም እስኪጠፋ ድረስ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። ሰባቱንም ሌሎች አየሁ። የብረት ዘንጉ ላይ ያለውን መስቀል ስጠርግ እጄ እንቢ አለኝ፤ የቄስ ልጅ ነኝ። ቢሆንም ጠረግሁት። ግራጫ የሆነውን ጥጥ ከቆሻሻው ጋር አልጣልኩትም፣ እንዲህ ያለ ነገር በእግር አይረገጥም። ከግቢው ጀርባ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ጉድጓድ ምሼ ቀበርኩት። ካርዱን መልሼ ሰክቼ እፍ አልኩበት። መርፌው ሁለት ተኩል ላይ ቆሞ አየኝ።

ዓርብ ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥፎት ነበር። አቶ ፍሥሐ ወፍራም ካፖርት የለበሱ ሁለት የቦርድ አባላት ይዞ ገባ። ሠራተኛውም ሥራ የሌለው መስሎ ከኋላቸው ገባ። ከመጀመራችን በፊት የማጠቢያውን ክፍል በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት፤ እንፋሎቱ እየተግተለተለ መጥቶ አንባቢውን ሸፈነው። ማኅደረማርያም ራሷን ያዘች። እኔ ግን ይምጣ ነበር ያልኩት፣ ያለ የሌለ እንፋሎት ሁሉ ይምጣ።

ጋሽ ገብረ ጻድቅ ወረቀቱን አጎረሱት፣ እኔ አስነሣሁት። አንባቢው ማንበብ ጀመረ። የሽመና ማሽኑ እየተንኳኳ ቀዩን መስመር ይዞ ወረደ፤ ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ወደ ግራ ታጠፈ፣ እንደገና ወደ ቀኝ። አቶ ፍሥሐ ተጠግቶ በጣቱ መንገዱን ተከተለው። አንድ ነጭ ክር ቢያገኝ ጣቱ እዚያ ላይ ይቆም ነበር። እስከ ጫፉ ድረስ ሳይቆም ሄደ።

«ሠርቷል» አለ። ይህን በማለቱ አከብረዋለሁ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ሰበብ ይፈልግ ነበር። ቀጥሎ ግን ወደ እኔ ዞረ። «ምክንያቱስ? በስሙ ጠርቼ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጥልዎታለሁ ብለሽ ነበር።»

ማሽኑ አሁንም ይንኳኳል። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ቆባቸውን አውልቀው አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡ። ከንፈራቸው ሲከፈት አየሁ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። አምስተኛው ካርድ፣ የኮምፓራተሩ ልክ፣ ያፈሰሰው መንገድ፣ ሁሉም በየተራው። ይሄን ብናገር እነዚያ ካፖርት የለበሱ ሰዎች አዲስ አበባ ሄደው ስሜን ያነሡት ነበር። ግማሹን ብናገርስ? እርጥበት ብል ምን ላይ ይለኛል። አመድ ብል ከየት የመጣ አመድ ይለኛል። አቶ ፍሥሐ ሞኝ አይደለም፤ አመዱን ከያዘ ባለቤቱ ዘንድ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። ያሰናብታል ያለውን ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት ብሏልና አያጥፈውም። የጋሽ ገብረ ጻድቅ የዕድሜ ልክ ሥራ በኔ ጥርት ያለ መልስ ሊያልቅ ነው።

«ብርድ መታው» አልኩ።

መጀመሪያ ማንም የሰማውን አላመነም። ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የማጠቢያው ሴቶች እርስ በርስ ተደገፉ። ከቦርዱ አንደኛው ዐይኑን በመሐረብ ጠረገ። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ብቻ ቆባቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«ብርድ?» አለ አቶ ፍሥሐ።

«ብርድ።»

«ማሽን ብርድ አይመታውም ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ። ተሳስቼ ነበር።» ይህችን ቃል ለማውጣት የከፈልኩትን እኔ አውቃለሁ። አንገቴን ግን አልደፋሁም። የሚስቁትን አንድ በአንድ አየኋቸው፣ መጨረሻ ላይ እሱን አየሁት።

እሱም አየኝ። ከዚያ ጋሽ ገብረ ጻድቅን አየ፣ በእጃቸው የያዙትን ቆብ። እንደገና ወደ እኔ ተመለሰ። የሚያውቅ ይመስል ነበር፣ እንዳያውቅም የፈለገ ይመስል ነበር፤ እስከ ዛሬ የቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። «እና መድኃኒቱ ምንድን ነው?» አለኝ።

ማሽኑን አቁሜ የተሠራውን ቆርጬ አወረድኩ። ገና የሱፍ ሽታው ያለቀቀውን የአንኮበር መንገድ ዘርግቼ አንባቢውን ከላይ እስከ ወገቡ አለበስኩት።

«ብርድ ልብስ» አልኩ። «ከእንግዲህ ሥራ ሲያበቃ ይለብሳል፣ ቁልፉም ከኔ ጋር ይሆናል። የሚሠራ ማሽን ለቆራሌ የሚሰጥ ካለ ነገ ጠዋትም፣ ከነገ ወዲያ ጠዋትም በሁለት ሰዓት እዚሁ ነኝ፤ መጥቶ በኔ በኩል ይውሰደው።»

አሁን የሚስቅ አልነበረም። አቶ ፍሥሐ የብርድ ልብሱን ጠርዝ በጣቶቹ ዳሰሰና፣ «ዋናው መሥራቱ ነው» ብሎ እንግዶቹን ይዞ ወጣ። ቅዳሜ ምንም መኪና አልመጣም።

ሳቁ ግን እስካሁን አልቀረልኝም። «ወለተሐና፣ ቴሌቪዥኔን ብርድ መታው» ይሉኛል ሰፈር ውስጥ። «አምጣው፣ አለብሰዋለሁ» እላለሁ። ዲፕሎማዬ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ።

ያን ዕለት ሁሉም ከወጣ በኋላ ጋሽ ገብረ ጻድቅ መጡ። የተጠቀለለች ትንሽ ወረቀት ይዘዋል። «የቀረኝ ይሄ ነው» አሉ። «ምን ላድርገው?»

«አንባቢው ላይ አንዲት ቅንጣት ብታርፍ ሁለተኛ አልዋሽልዎትም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ስለኔ ብለሽ ዋሸሽ። የሳቁብሽም በኔ ነው።» ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «እንዲጠብቀው ብዬ ነበር እኮ።»

ከአንኮበር ከወጣሁ ወዲህ፣ አባቴም ካረፈ ወዲህ፣ ማንም እምነት ቀብቶኝ አያውቅም፤ እኔም ፈልጌ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ነጠላዬን ወደ ኋላ አድርጌ አንገቴን ዝቅ አደረግሁ።

«መቀባት ካለብዎት እኔን ይቀቡኝ» አልኩ። «እኔ ላይ ቢፈስ የሚያበላሸው ነገር የለም።»

ወረቀቷን ፈቱ። አመዱ ደርቆ ነበር፣ አልይዝ አላቸው። አውራ ጣታቸው ላይ ትንሽ አድርገው፣ እንዲረጥብ እፍ አሉበት። ከዚያ ግንባሬ ላይ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ጎን ሳቡት።

«ብርድ እንዳይመታሽ» አሉ።

አንባቢውን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ግንባሬን ሳልጠርግ በአቶ ፍሥሐ መስኮት ፊት ለፊት አልፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።